ከሰዓት አገዛዝ የወጣ ሙዚቃ፦ ስለ ሳካሞቶ «ኤሲንክ» ከአንባቢያን የቀረቡ ጥያቄዎች

ባለፈው እትም ስለ ጃፓናዊው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ቀማሪ ስለ ሪዩይቺ ሳካሞቶ ባወጣነው አጭር ማስታወሻ፣ በ2017 የታተመው «ኤሲንክ» የተሰኘው አልበሙ በሐያስያን ዘንድ ያገኘውን ከፍተኛ አድናቆት ጠቅሰን አልፈን ነበር። ማስታወሻው ካሰብነው በላይ ጥያቄ አስነሥቷል። አንዳንዶቹ ደብዳቤዎች በቅሬታ፣ ሌሎቹ በጉጉት የተጻፉ ናቸው፤ ጸሐፊዎቹ ግን ሁሉም አልበሙን ፈልገው የሰሙ ሰዎች በመሆናቸው የዚህን ወር ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለእነርሱ ሰጥተናል። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ «ይድረስ ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ። እኔ በኮምፒውተር ሙዚቃ በማቀናበር የምተዳደር ወጣት ነኝ። ማስታወሻዎን ካነበብኩ በኋላ አልበሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ያገኘሁት ግን በቅጠል ላይ የሚራመድ ሰው ኮቴ፣ ቅኝቱ የተዛባ ፒያኖ፣ የብረት ቅጭልታና በየቋንቋው የሚናገሩ ሰዎች ድምፅ ነው። አብዛኛው ምት የለውም፤ ይዤው የምሄድ ዜማም እምብዛም አላገኘሁበትም። የውጭ አገር ሐያስያን ይህን ያህል ያመሰገኑት እኔ ያልሰማሁትን ምን ሰምተው ነው?» — ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ሦስት ጊዜ ሰምተው አለመውደድዎን በግልጽ መጻፍዎ ለአልበሙ ያሳዩት ትልቅ አክብሮት ነው። መልሴን ከራስዎ ሙያ እጀምራለሁ፤ ምክንያቱም የአልበሙ ዋና ጉዳይ እርስዎ በየቀኑ በሚሠሩበት ስክሪን ላይ ከተሰመሩት የምት መስመሮች ጋር የሚገናኝ ነው።

ሳካሞቶ በ1952 በቶኪዮ ተወልዶ በዚያው ከተማ በሚገኘው የሥነ ጥበብ ዩኒቨርሲቲ የሙዚቃ ድርሰት ተማረ። በ1978 ከሃሩኦሚ ሆሶኖና ከዩኪሂሮ ታካሃሺ ጋር «የሎ ማጂክ ኦርኬስትራ» የተባለውን ቡድን መሠረተ። ይህ ቡድን ከሚታወቅባቸው ነገሮች አንዱ የሮላንድ ኩባንያ ሥራ የሆነውን «ኤም ሲ 8» የተባለ መሣሪያ መጠቀሙ ነው፤ መሣሪያው እያንዳንዱ ኖታ መቼ እንደሚነሣና ምን ያህል እንደሚቆይ በቁጥር እየተነገረው ሲንተሳይዘሮችን፣ ማለትም ድምፅ የሚፈጥሩ የኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎችን፣ ያዝዝ ነበር። ቁጥሮቹን በትዕግሥት የሚያስገባው ሂዴኪ ማትሱታኬ ሲሆን፣ ከበሮ መቺው ታካሃሺ ደግሞ የጆሮ ማዳመጫ አድርጎ ከማሽኑ ሰዓት ጋር እኩል ይመታ ነበር። በ1980 «ቲ አር 808» የተባለችው የከበሮ ማሽን ስትወጣም ቀድመው ከተጠቀሙባት ሰዎች መካከል እነዚህ ይገኙበታል። ዛሬ እርስዎ «ግሪድ» የሚሉት፣ ኖታ ትንሽ ሲዘገይ ወይም ሲቀድም «ኳንታይዝ» አድርገው ወደ መስመሩ የሚመልሱበት አሠራር የእነዚያ መሣሪያዎች የልጅ ልጅ ነው።

እንግዲህ ይህ ሰው፣ ማሽን ምትን በትክክል እንዲጠብቅ ካስተማሩት አንዱ የሆነው ሰው፣ በ65 ዓመቱ ድምፆች በአንድ ሰዓት የማይመሩበትን አልበም ይዞ ወጣ። «ኤሲንክ» የሚለው ስያሜ ራሱ ከኮምፒውተር ሰዎች የተወሰደ ሲሆን፣ አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ በየራሱ ጊዜ የሚሄድ ማለት ነው። ሳካሞቶ እንዳስረዳው፣ የዓለም ሙዚቃ ከሞላ ጎደል ሁሉም የተመሠረተው ተስማምቶ እኩል በመሄድ ላይ ነው፤ ሰዎች ሲሰባሰቡ ሳያስቡት እርምጃቸውና ጭብጨባቸው አንድ ይሆናል። እርሱ ደግሞ እያንዳንዱ ድምፅ የራሱ ሰዓት ኖሮት ከሌሎቹ ጋር ሳይላተም የሚኖርበትን ሙዚቃ ለመሥራት ፈለገ። «ዙሬ» የተባለው አራተኛው ሥራ ስያሜው በጃፓንኛ መዛነፍ፣ አለመግጠም ማለት መሆኑን ሲያውቁ የሐሳቡን ወጥነት ይረዱታል። የአልበሙን ስም በተሸከመው ዘጠነኛው ሥራ ደግሞ የክር መሣሪያዎች እየተቆነጠጡና እየተመቱ እያንዳንዱ በራሱ ፍጥነት ሲንጫጫ ይሰማል። ስሕተት መስሎ ሊሰማዎት ይችላል፤ ነገር ግን ማንም ማንንም የማይከተልበት፣ ማንም ግን ሌላውን የማይጫንበት ሁኔታ እንዲህ እንዲሰማ ለማድረግ የሚጠይቀው ጥንቃቄ እኩል ከማስኬድ ይበልጣል።

ሐያስያኑ የሰሙት ይህንን ይመስለኛል። የመጀመሪያውን ሥራ፣ «አንዳታ»ን፣ ልብ ብለው ይስሙት። ስያሜው በጣልያንኛ መሄድን ያመለክታል። ፒያኖው ከቤተ ክርስቲያን መዝሙር የተቀዳ የሚመስል፣ የጥንቱን ጀርመናዊ ቀማሪ የባኽን ዝማሬዎች የሚያስታውስ ቀስተኛ ዜማ ብቻውን ይጫወታል። ቀጥሎ ዜማውን ኦርጋን ይረከበዋል፤ ከሥሩም ጉርምርምታና ስንጥቅጥቅ ያለ ጫጫታ ይገባል። ዜማው በጫጫታው አይሸነፍም፣ ጫጫታውም ለዜማው ቦታ አይለቅም፤ ሁለቱ እስከ መጨረሻው አብረው ይኖራሉ። በብዙ የኤሌክትሮኒክ ሥራ ውስጥ ጫጫታ ማጀቢያ ወይም ጌጥ ነው፤ እዚህ ግን ከዜማው ጋር እኩል ማዕረግ አለው። እርስዎ በቅጠል ላይ የሰሙት ኮቴ «ዎከር» በተሰኘው ሥራ ውስጥ ያለው ነው። ሳካሞቶ አልበሙን ሲሠራ ያልተሠራ የታርኮቭስኪ ፊልም ሙዚቃ እንደሚሠራ አድርጎ አስቦ ነበር፤ በሩሲያዊው የፊልም ባለሙያ ሥራዎች ውስጥ የውሃ ጠብታ፣ ነፋስና እርምጃ ከሙዚቃ ያላነሰ ክብር እንዳላቸው የሚያውቅ ሰው ኮቴው ለምን እንደገባ አይጠፋውም። «ሶላሪ» የተባለው ሥራ ስያሜም «ሶላሪስ» ወደ ተሰኘው ፊልም ይጠቁማል።

በአጠቃላይ አሥራ አራት ሥራዎች ናቸው፤ ሁሉም እኩል አይደሉም። በእንግሊዝ አገር የሚዘጋጀው «ፋክት» የተባለው የሙዚቃ መጽሔት የ2017 ምርጥ አልበም ብሎ በአንደኛነት ሲያስቀምጠው፣ ዝርዝሩ ላይ የነበሩት ሌሎች ሙዚቀኞች ብዙዎቹ የሳካሞቶ ልጆች ሊሆኑ የሚችሉ ወጣቶች ነበሩ። አንጋፋ ሰው በቀድሞ ዝናው ሳይሆን በዓመቱ ሥራው ሲመዘን ማየት በሙዚቃ ሂስ ዓለም ያልተለመደ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ድምፅ ሲነሣ ሳይሆን ሲከስም ይስሙት። ፒያኖ አንድ ጊዜ ከተመታ በኋላ ድምፁ እየሳሳ ሄዶ ይጠፋል፤ ማቀናበሪያ ላይ ስንሠራ የሚቀጥለው ምት ስለሚደርስብን ያን ጅራት እንቆርጠዋለን። ሳካሞቶ ግን ከዓመታት ጀምሮ ፒያኖ የማይከስም ድምፅ ቢኖረው ብሎ ይመኝ እንደነበር ተናግሯል፤ በዚህ አልበም ላይ ያደረገው የድምፁን ጅራት በሲንተሳይዘር እያስረዘመ፣ የትኛው የፒያኖው የትኛው የማሽኑ እንደሆነ እስከማይለይ ድረስ ማቆየት ነው። እንደ አቀናባሪ ከዚህ አልበም የሚወስዱት ትምህርት ቢኖር ከዚህ ላይ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ «ሳካሞቶ አልበሙን የሠራው ከካንሰር ሕክምና በኋላ መሆኑን አንብቤአለሁ። እኔ ያየኋቸው ሂሶች በሙሉ ማለት ይቻላል የሚጀምሩት ከሕመሙ ነው። ሐያስያኑ ያደነቁት ሙዚቃውን ነው ወይስ ለታመመ ሰው አዝነውለት ነው? አንድ ሰው ሞት አፋፍ ደርሶ ሲመለስ ያወጣውን ሥራ ማን ደፍሮ ‹አልወደድኩትም› ይላል?» — ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ ይህን ጥያቄ በመጠየቅዎ አመሰግናለሁ፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ለረጅም ጊዜ ስከራከር የኖርሁት ከራሴ ጋር ነው።

የታሪኩ ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። ሳካሞቶ የጉሮሮ ካንሰር እንዳለበት በሐምሌ 2014 ለሕዝብ አስታወቀ፤ ሥራ አቋርጦም በሚኖርበት በኒው ዮርክ ታከመ። ከመታመሙ በፊት ለአዲስ አልበም የጀማመራቸው ነገሮች ነበሩ፤ ሲያገግም እነዚያን ትቶ ከባዶ ጀመረ። በመካከሉ ከጀርመናዊው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቀኛ ከአልቫ ኖቶ ጋር የ2015ቱን «ዘ ሬቨናንት» ፊልም ሙዚቃ ሠርቷል። «ኤሲንክ» በ2017 ሲወጣ ብቻውን ከሠራው ቀዳሚ አልበሙ ስምንት ዓመት ተቆጥሮ ነበር። አልበሙ ከመውጣቱ በፊት በጃፓን ማንም እንዲሰማው አልተደረገም፤ በጣም ስለወደደው ለማንም ማሰማት እንዳልፈለገ ራሱ ተናግሯል። በዚያው ዓመት ደግሞ ሕመሙን፣ ሕክምናውንና የአልበሙን አሠራር የሚያሳይ «ኮዳ» የተባለ ዘጋቢ ፊልም በቬኒስ ፌስቲቫል ቀረበ። ስለዚህ ሙዚቃውና የሕመሙ ታሪክ ወደ አድማጩ ጆሮ የደረሱት ተጣምረው ነው፤ ሐያሲው አንዱን ከሌላው ለመለየት ተቸግሮ ቢገኝ ሙሉ በሙሉ የእርሱ ጥፋት ነው ልል አልችልም።

አልበሙ ራሱም ወደዚያ የሚጋብዝበት ቦታ አለው። «ፉልሙን» በተሰኘው ሥራ ውስጥ የሚሰማው የመጀመሪያው ድምፅ የአሜሪካዊው ደራሲ የፖል ቦውልስ ነው። ሳካሞቶ በ1990 የጣልያናዊው ዳይሬክተር የበርናርዶ በርቶሉቺ ፊልም ለሆነው፣ ከቦውልስ ልቦለድ ለተወሰደው «ዘ ሸልተሪንግ ስካይ» ሙዚቃውን ሠርቶ ነበር፤ በዚያ ፊልም ውስጥ ቦውልስ ራሱ የተናገረው ንግግር ነው እዚህ የተመለሰው። ሐሳቡ በአጭሩ፣ የምንሞትበትን ቀን ስለማናውቅ ሕይወት የማይነጥፍ ጕድጓድ ይመስለናል፣ ሙሉ ጨረቃ ስትወጣ የምናያት ግን ስንት ጊዜ ቢሆን ነው የሚል ነው። ከዚያ ይኸው ንግግር በቻይንኛ፣ በጀርመንኛ፣ በፋርስኛና በሌሎችም ቋንቋዎች ይደጋገማል፤ ጣልያንኛውን የሚያነበው በርቶሉቺ ራሱ ነው። ሌላው «ላይፍ ላይፍ» በተሰኘው ሥራ ላይ እንግሊዛዊው ድምፃዊ ዴቪድ ሲልቪያን የፊልም ሠሪውን የታርኮቭስኪን አባት የአርሴኒ ታርኮቭስኪን ግጥም ያነባል። ሐያስያን ስለ አልበሙ ሲጽፉ አብዝተው የጠቀሱት እነዚህን ሁለቱን ነው።

እዚህ ላይ ከብዙዎቹ እለያለሁ። በእኔ ሚዛን ሁለቱ ሥራዎች የአልበሙ ጠንካራ ክፍሎች አይደሉም። ቃሉ አድማጩን ምን ማሰብ እንዳለበት ይነግረዋል፤ ሌሎቹ ሥራዎች ግን ማንንም ሳያዝዙ ያንኑ ቦታ ያደርሳሉ። ሐያስያን የወደዷቸው፣ እንደምገምተው፣ ስለ ድምፅ መጻፍ ከባድ፣ ስለ ቃል መጻፍ ግን ቀላል ስለሆነ ነው። ንግግሩን ጠቅሶ፣ ሕመሙን አንሥቶ፣ ጨረቃዋን ደጋግሞ ጽሑፍን መጨረስ ይቻላል፤ የኦርጋኑ ድምፅ ከጫጫታው ጋር እንዴት እንደሚኖር ለመግለጽ ግን ተቀምጦ ደጋግሞ መስማት ያስፈልጋል።

ወደ ጥያቄዎ ዋና ነጥብ ልመለስ። ሕመሙ አልበሙን ወለደው የሚለው አነጋገር ከሥራዎቹ ቅደም ተከተል ጋር አይስማማም። በ2009 የወጣው «አውት ኦፍ ኖይዝ» የተባለው አልበሙ ከሕመሙ አምስት ዓመት ይቀድማል፤ በዚያ ውስጥ ሳካሞቶ በ2008 ወደ ግሪንላንድ ሄዶ የቀዳቸው የበረዶና የውሃ ድምፆች ከፒያኖና ከክር መሣሪያዎች ጋር እኩል ቆመዋል። ከአልቫ ኖቶ ጋር በ2002 «ቭሪዮን» በተሰኘው አልበም በጀመረው ሥራ ደግሞ ጥቂት የፒያኖ ኖታዎችን መትቶ የሚከስመውን ድምፅ ጠብቆ መቀመጥን ገና ያኔ ሲለማመደው እንሰማለን። መንገዱ ቀድሞ የተጠረገ ነበር። ሕመሙ የጨመረለት ነገር ቢኖር፣ ከፊልም ሥራና ከኮንሰርት የራቀ ረጅም ጊዜና ማንንም ለማስደሰት ያለመጨነቅ ድፍረት ይመስለኛል፤ ይህም ትንሽ ነገር አይደለም፣ ነገር ግን ሙዚቃውን የሠራው አምሳ ዓመት የሰለጠነ ጆሮ ነው። ያን ጆሮ ወደ አንድ የሆስፒታል መዝገብ ማሳነስ ያሳዝነኛል፤ በተለይ በአክብሮት ስም ሲደረግ።

ሂስ ከኀዘን ጋር የተጋፈጠው በእውነት በቀጣዩ አልበም ላይ ነው። በጥር 2021 ሳካሞቶ ሌላ ካንሰር፣ የትልቁ አንጀት የታችኛው ክፍል ካንሰር፣ እንደያዘው አስታወቀ። ከከባድ ቀዶ ሕክምና በኋላ በማረፊያ ቤቱ እንደ ዕለት ማስታወሻ እየቀዳ ያስቀመጣቸውን አሥራ ሁለት ቅጂዎች መርጦ፣ «12» በሚል ስም በ71ኛ ልደቱ ዕለት፣ በጥር 17 ቀን 2023 አወጣ። ሥራዎቹ ስም የላቸውም፤ የተቀዱበት ቀን ብቻ ተጽፎባቸዋል። በአንዳንዶቹ ላይ ከፒያኖው ጋር የቀማሪው አተነፋፈስ በግልጽ ይሰማል። አልበሙ ከመውጣቱ ስድስት ቀን በፊት የቡድን አጋሩ ታካሃሺ አርፎ ነበር፤ ሳካሞቶም በመጋቢት 28 አረፈ። ሐያሲ የሰውን እስትንፋስ እንዴት ይመዝናል? ብዙዎቹ ለጸሎት እንደ መጣ ሰው ዝቅ ብለው ጻፉ።

እኔ የምለው፣ እንደ ተቀነባበረ ድርሰት «12» ከ«ኤሲንክ» በታች ነው። ሳካሞቶ ራሱ ያኔ ድርሰት ለመጻፍ እንዳላሰበ፣ ድምፅ እንደ ሻወር እንዲወርድበት ብቻ እንደ ፈለገ በግልጽ ተናግሯል፤ ስለዚህ ድርሰት ያልሆነውን ድርሰት ነው ብሎ ማወደስ ቃሉን አለማመን ይሆናል። በሕመም የደከመ እጅ አንድ ኮርድ ከመምታቱ በፊት ስንት ጊዜ እንደሚጠብቅ፣ ፔዳሉ ሲነሣ የሚሰማው የእንጨት ድምፅ፣ የሲንተሳይዘሩ ደመና መቼ ገብቶ መቼ እንደሚወጣ ጠንቅቀው የጻፉት ሐያስያን ከሁሉም የተሻለ አክብሮት ሰጥተውታል። አልወደድኩትም ለማለት ግን ማንም ሊፈራ አይገባም። ከሰላሳ ዓመት በፊት እንደሚጽፉለት አድርገው ቢጽፉለት ሳካሞቶን ያከብሩታል።

ጥያቄ፦ «በሱናሚ የተጎዳ ፒያኖ በአልበሙ ላይ አለ የሚባለው እውነት ነው? ቅኝቱ የተበላሸ መሣሪያ በስቱዲዮ ለምን ይቀዳል?» — ከዱባይ

መልስ፦ እውነት ነው። በመጋቢት 11 ቀን 2011 በሰሜን ምሥራቅ ጃፓን በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ በሚያጊ ክፍለ አገር የሚገኝ የአንድ ትምህርት ቤት ፒያኖ በባሕር ውሃ ተጥለቅልቆ ነበር። ሳካሞቶ ፒያኖውን ሄዶ አየው፣ ነካካው፣ በኋላም ወሰደው። መጀመሪያ ሲነካው የሞተ ፒያኖ ሬሳ የነካ ያህል ተሰምቶት እንደነበረ በዘጋቢው ፊልም ላይ ይናገራል። ቆይቶ ግን አመለካከቱ ተለወጠ። ፒያኖ ማለት እንጨትን ለወራት በኃይል ጎብጦ እንዲቀር በማስገደድ፣ በክሮቹም ላይ ቶን የሚመዝን ውጥረት በመጫን የሚሠራ ነገር ነው፤ «ቅኝቱ ተበላሸ» የምንለው እኛ ነን፣ እንጨቱና ብረቱ ግን ወደ ቀድሞ ጠባያቸው ለመመለስ እየሞከሩ ነው ሲል አሰበ። በአልበሙ ላይ የምንሰማው ያን ፒያኖ ነው። በዚያው በ2017 መጨረሻ በቶኪዮ ከጃፓናዊው የምስል ጥበብ ባለሙያ ከሺሮ ታካታኒ ጋር ባቀረበው ዐውደ ርእይ ደግሞ ይኸው ፒያኖ ከዓለም ዙሪያ በሚሰበሰብ የመሬት መንቀጥቀጥ መረጃ እየተነካ ማንም ሳይነካው ይጫወት ነበር።

ጥያቄ፦ «እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ እዚህ ኢየሩሳሌም ያረፉት ሳካሞቶ ባረፈበት ሳምንት ነበር። ሁለቱንም ስሰማ የሚያቀራርባቸው ነገር እንዳለ ይሰማኛል፤ ለመግለጽ ግን ቃል አጣሁ። እርስዎ ይረዱኝ እንደሆነ ብዬ ነው።» — ከኢየሩሳሌም

መልስ፦ እማሆይ በመጋቢት 26 ቀን 2023 በ99 ዓመታቸው፣ ሳካሞቶ ከሁለት ቀን በኋላ በ71 ዓመቱ አረፉ። ያን ሳምንት እኔም አልረሳውም።

ዝምድናቸውን በተጽዕኖ በኩል መፈለግ አያስፈልግም። እማሆይ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊን የተማሩ፣ በኋላም በካይሮ ትምህርታቸውን የቀጠሉ፣ ከዚያ ወደ ምንኵስና ገብተው የቅዱስ ያሬድን ዜማ በቅርበት ያጠኑ እናት ነበሩ። ሳካሞቶ በወጣትነቱ ራሱን እንደ ፈረንሳዊው ቀማሪ እንደ ደቡሲ ዳግም ልደት ይቆጥር የነበረ፣ የአውሮፓን ሙዚቃ ከሌሎች ሕዝቦች ሙዚቃ ጋር ያጠና ሰው ነው። ሁለቱም የአውሮፓን ፒያኖ ከሙሉ ሥርዓቱ ጋር ተምረው ሲያበቁ፣ በዚያው ፒያኖ ላይ የሜትሮኖምን፣ የምት ቆጣሪውን መሣሪያ፣ አገዛዝ ለቅቀዋል። የእማሆይ ግራ እጅ ቫልስ የተባለውን የአውሮፓ ጭፈራ ምት የሚመስል ነገር ሲጀምር ቀኝ እጃቸው በቅኝታችን ጌጣጌጥ እየተሸጋገረ ይዘገያል፣ ይቀድማል፣ ቆም ይላል፤ ሁለቱ እጆች እንደ ሁለት ሰዎች ይነጋገራሉ። ልዩነቱ ግን መታወቅ አለበት። እማሆይ ከምት የሚርቁት እንደሚያዜም ሰው ትንፋሻቸውን ተከትለው ነው፤ በ«ኤሲንክ» ውስጥ ያለው መራቅ ግን የታሰበና የተሰላ፣ ብዙ ድምፆችን ሆነ ብሎ የለያየ ነው። ለእማሆይ የሚቀርበው ሳካሞቶ ከ«ኤሲንክ» ይልቅ የ«12» ሳካሞቶ ይመስለኛል።

ይህን የምለው በሌላ ምክንያትም ነው። እማሆይ ካረፉ በኋላ በ2024 በወጣው አልበማቸው ላይ ያሉት ዝማሬዎች በአዲስ አበባ ቤታቸው በካሴት የቀዷቸው ናቸው፤ ከፒያኖውና ከድምፃቸው ጋር ከውጭ የሚንጫጩ ወፎች ይሰማሉ። ሳካሞቶ ኮቴንና ቅጠልን ፈልጎ ወደ ሙዚቃው አስገባ፤ በእማሆይ ካሴት ላይ ወፎቹ የገቡት መስኮቱ ክፍት ስለነበረ ነው። ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል ብለው አልጠየቁኝም፤ ቢጠይቁኝም ወፎቹን ሳላመነታ እመርጥ ነበር።

ጥያቄ፦ «ኢንተርኔት ውድ ነው፤ አልበሙን ሙሉ ማውረድ አልችልም። ሁለት ወይም ሦስት ሥራ ብቻ ቢመርጡልኝ የትኞቹን ይሉኛል? በስልክስ ይሰማል?» — ከባሕር ዳር

መልስ፦ «አንዳታ»፣ «ሶላሪ» እና «ዙሬ»። ከቻሉ አራተኛ «ሆንጅ»ን ያክሉበት፤ በእርሱ ላይ ሂዴጂሮ ሆንጆ ሻሚሰን የተባለውን ባለ ሦስት ክር የጃፓን መሣሪያ ይጫወታል፣ የክሩ አመታትም ክራር ለለመደ ጆሮ ቅርብ ነው። በስልኩ ድምፅ ማጉያ ግን አይስሙት፤ ከታች የሚጎረመርሙት ድምፆች ሙሉ በሙሉ ስለሚጠፉ «አንዳታ» ግማሽ ይሆናል። ርካሽ የጆሮ ማዳመጫም ይሻላል። ሳካሞቶ ራሱ ሰዎች አልበሙን ተቀምጠው በትኩረት እንዲሰሙት ፈልጎ በ2017 በቶኪዮ በአንድ ሙዚየም ውስጥ በዙሪያው ድምፅ ማጉያ የተተከለበት ክፍል አዘጋጅቶ ነበር። እርስዎ ይህን ማግኘት ባይችሉም ሌሊት፣ የሰፈሩ ጄኔሬተርና ውሻ ጸጥ ካለ በኋላ፣ መብራት አጥፍተው ቢሰሙት ብዙ አያጎድልም።

ከአዲስ አበባ ለጻፉልን አቀናባሪም አንድ ሐሳብ አለኝ። አልበሙ በወጣ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ እንደ አርካ፣ ዋንኦትሪክስ ፖይንት ኔቨር፣ ዮሐን ዮሐንሰን ያሉ ሙዚቀኞች እነዚህኑ ሥራዎች እንደየስሜታቸው ዳግም ሠርተው «ኤሲንክ ሪሞዴልስ» በሚል አልበም ወጥተዋል፤ ከዋናው ጋር እያስተያዩ ቢሰሟቸው የእያንዳንዱን ሙዚቀኛ ውሳኔ በግልጽ ያያሉ። ከዚያም በራስዎ ማቀናበሪያ ላይ ግሪዱን አጥፍተው፣ ሦስት ድምፆች ብቻ መርጠው፣ በእጅዎ እያስቀመጡ ሦስት ደቂቃ የሚሆን ነገር ይሥሩ። አንዱ የማሲንቆ ቢሆን እመርጣለሁ። ሲጨርሱ ለዚህ ዓምድ ይላኩልን፤ ሰምተን የተሰማንን በሐቅ እንጽፍልዎታለን።